ባለቤቱ ያልታወቀ ጀርባ

«የገላ አሺው የኢስማት ልጅ ራቁቱን የሆነ ወንድ ሥላ የሥዕል ኮሌጁ ግድግዳ ላይ ሰቅላለች አሉ» አለ አንደኛው። እንፋሎቱ ከመወፈሩ የተነሳ ተናጋሪው፣ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ በድንጋዩ መደብ ላይ አንድ ሽማግሌ የሚያሸው ሰው ራሱ ኢስማት መሆኑን አላየም። ጓደኛው ሳቁን አፍኖ «ሙሉ በሙሉ ራቁቱን?» ሲል ጠየቀ። «እኔ የት አይቼው! ሚስቴ ናት የነገረችኝ። እሷም አላየችውም፤ የእህቷ ጎረቤት ናት ያየችው። ፊቱ አይታይም አሉ፣ ጀርባው ብቻ ነው።» «እና የትኛው ወንድ ነው ለሰው ሴት ልጅ ሸሚዙን የሚያወልቀው? ያውም ላላገባች?» «እሱን ነው እንግዲህ አገሩ ሁሉ የሚጠያየቀው» አለ የመጀመሪያው፤ ይህን ብሎም አንድ ጣሳ ውሃ አናቱ ላይ ደፋ።

የኢስማት እጅ አልቆመም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ገላ ያሸ እጅ ባለቤቱ ቢደነግጥም ሥራውን አይስትም። ሽማግሌው ጆሮው ከበድ ያለ ስለነበር ምንም አልሰማም፤ በደረቱ ተኝቶ ያቃስታል። ኢስማት ገላ የሚያሞቀውን የተፈጨ ዝንጅብል ቀባው፣ ትከሻውን ጠመዘዘ፣ ሦስት ባልዲ ውሃ አፈሰሰበትና «ገላዎን ይባርከው» ብሎ አስነሳው። ከዚያ «ቀጣይ!» ሲል ያ ወሬኛ መጣና ተኛለት። ኢስማት የሰውየውን ፊት ማየት አላስፈለገውም። ከግራ ትከሻ መጋጠሚያው በታች ምስር የምታክል ጥቁር ምልክት አለችው፤ በገበያው ጥግ ስልክ የሚሸጠው ጎረምሳ ነው፣ ስሙ አሳድ። በቡኻራ አሮጌው ከተማ ውስጥ የሚኖር ወንድ ሁሉ አንድ ቀን እዚህ መደብ ላይ ተኝቷል፤ ኢስማት ፊት ቢረሳም ጀርባ አይረሳም። መንገድ ላይ ሰላም ሲሉት ግራ የሚገባው ሰው ሞልቷል፣ ሸሚዙን ሲያወልቅ ግን እስከ አያቱ ያውቀዋል።

«ኢስማት አካ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ዛሬ እጅዎ ከበደ እኮ» አለ አሳድ ጥርሱን ነክሶ።

«እጄ አይደለም፤ ቆሻሻህ ነው የከበደው» አለው ኢስማት፣ ሻካራውን ጓንት እየሳበ።

አሳድ ያኔ ማን አጠገብ ሆኖ ሲያወራ እንደነበር ገባውና ፊቱን ወደ ድንጋዩ ደፋ። በዚያ መታጠቢያ ቤት አንድ ደንብ አለ፤ የተጻፈ አይደለም፣ ሆኖም ከገንዘብ ተቀባዩ ጀምሮ እስከ እሳት አንዳጁ ሁሉም ያከብረዋል። ሽርጥ ለብሶ ያየኸውን ሰው ገላ ሱሪ ለብሰህ አታወራውም። ማን ቁስል አለበት፣ ማን ከስቷል፣ ማን ከሚስቱ ጥፍር ጠባሳ ይዟል፣ ሁሉም እዚያው እንፋሎቱ ውስጥ ይቀራል። ለዚህ ነው ሐኪሙም ቀማኛውም ጎን ለጎን ተኝተው የሚታሹት። ወሬ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚከለክለው ደንብ የለም፤ ኢስማት ይህን ያሰበበት የመጀመሪያው ቀን ያ ሐሙስ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጓንቱን ሰቀለና ለገንዘብ ተቀባዩ «ራሴን አሞኛል» አለው። ገንዘብ ተቀባዩ ቀና ብሎ አየው። ሐሙስ ነው፤ ወረፋው እስከ ደረጃው ድረስ ነው፤ አንድ ሰው አምሳ ሺህ ሶም ከፍሎ ይገባል፣ ለአሺው ደግሞ ለብቻ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ኢስማት ሐሙስ ቀን ራሱን አሞት አያውቅም። «ይማርዎ» ብቻ አለው።

ቤቱ ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ካለው ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ አንድ የወይን ሐረግ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ታላቅ እህቱ ሶሊሃ ከነአልጋዋ መጥታ የመጀመሪያውን ክፍል ያዘች፤ ልጁ ዱርዶና ሁለተኛውን፤ እሱ በመሃል በረንዳው ላይ ይተኛል፣ ክረምት ሲሆን ብቻ ከእህቱ ክፍል መጋረጃ ወዲህ ይገባል። የዱርዶና ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ወረቀት ነው። ብርድ ልብሱ ላይ ሳይቀር የከሰል ብናኝ አለ። ከሰሉን የምትገዛው ሱቅ ሄዳ አይደለም፤ ከቦዩ ዳር የአኻያ ቅርንጫፍ ትቆርጥና ልጣጩን ገፍፋ በቆርቆሮ ጣሳ አፍና ጠዋት ጠዋት ዳቦ ጋጋሪው ጋፉር ጋ ትወስደዋለች። እሱ ዳቦውን ካወጣ በኋላ በቀረው ሙቀት ያክስልላታል። መምህሯ ስሕተት የሚጠፋው በለስላሳው የዳቦ ውስጥ ነው ብሎ ቢያስተምራትም፣ አክስቷ ስትሰማ ዳቦ ይረክሳል ብላ ጩኸቷን ስላቀለጠችው ያን ነገር ቤት ውስጥ ሞክራው አታውቅም፤ በጨርቅና በጣቷ ነው የምታጠፋው። በዚህ ምክንያት ጥፍሯ ሁልጊዜ ጥቁር ነው፤ ለማጨት የመጡ ሁለት ሴቶች ሻይ ስትቀዳ ጥፍሯን አይተው ሄደው አልተመለሱም።

ኢስማት ሲገባ ሶሊሃ ከወይኑ ሥር ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች። ለምን በዚህ ሰዓት መጣህ አላለችውም። «ሥጋ ደግሞ ጨመረ» አለች። «እህ» አለ እሱ። «ካሮቱ እንኳ ደህና ነው። ሥጋው ግን የሚቀመስ አልሆነም።» «እህ።» ሰምታለች ማለት ነው፤ ከሰማች ሁለት ቀን ሆኗታል፣ ማክሰኞ ዕለት ሰፈር ውስጥ ቁርስ ተጠርታ ሄዳ ሴቶቹ እሷ ስትገባ ንግግራቸውን አቋርጠውባታል። ለወንድሟ እንዳትነግረው ፈራች፣ እንዳትተወው ደግሞ ከነከናት፤ ስለዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ሥጋ ስታወራ ከረመች። ዱርዶና ከክፍሏ ብቅ አለች። ፀጉሯን ታጥባ በፎጣ ጠቅልላዋለች፣ የአዘቦት ሳይሆን የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። የዚያን ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከታሽከንት የሚመጡ ዳኞች ኮሌጁ አዳራሽ ገብተው ሥዕሎቹን ሊያዩ ነው፤ ከመላው ቡኻራ አንድ ተማሪ መርጠው ወደ ትልቁ ተቋም ይወስዳሉ፣ ማደሪያውም ትምህርቱም በመንግሥት። ይህን ኢስማት ያውቃል። ለአንድ ወር ሲወራ የከረመ ነገር ነው፤ እሱም «አላህ ያውቃል» ሲል ከርሟል። ያላወቀው የተሳለውን ነገር ነው።

«ምን ሠርተሽ ነው የሰቀልሽው?» አላት ጫማውን ሳያወልቅ።

«ሰው ነው አባዬ።»

«የማን ሰው?»

ሶሊሃ ሩዙን መልቀም አቆመች። ዱርዶና ፎጣውን ከራሷ ላይ ፈትታ ማጠፍ ጀመረች፤ አንዴ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። በመስኮቱ ደፍ ላይ የበግ ላት ስብ ያለበት ማሰሮ ተቀምጧል፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ማታ ማታ የአባቷን ጀርባ በእሱ ታሸዋለች፤ ካላሸችው ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ነው የሚያድረው። ዓይኗ ወደዚያ ሄደና ተመለሰ። «አይተውታል?» አለችው። «አላየሁም። ሰው ሲያወራ ነው የሰማሁት።» «እንግዲያው ሄደው ይዩት። አይተውት ማን ነው ቢሉኝ እነግርዎታለሁ።» ቁጣ አልነበረባትም፤ ይልቁንም የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ኢስማት ግን ይህን ድፍረት ነው ብሎ ወሰደው። በእሱ ጊዜ ሴት ልጅ ለአባቷ «ሄደው ይዩት» አትልም። እህቱን አየ፣ እህቱ ሩዙን አየች። ወጥቶ ሄደ።

ኮሌጁ ድሮ የነጋዴዎች ማረፊያ የነበረ ግቢ ነው፤ አዳራሹ ግመሎች ይታሰሩበት የነበረው ረጅም ክፍል ሲሆን አሁን ግድግዳው ነጭ ኖራ ተቀብቶ አምፖል ተንጠልጥሎበታል። በሩ ላይ ታማራ የምትባል ወፍራም ጠባቂ በክር ሹራብ ትሠራለች፤ መግቢያ አይከፈልም። ኢስማት ኮፍያውን አስተካክሎ ገባ። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት አብዛኞቹ ሥዕሎች ኮሌጁ በክፍያ የሚያስቀምጠው ሽማግሌ ናቸው፤ ያው ሽማግሌ በካባ፣ ያው ሽማግሌ በቆብ፣ ያው ሽማግሌ ምርኩዝ ይዞ። ሰውየው በሰዓት ነው የሚከፈለው፣ ካባውንም አያወልቅም፤ በዚያ ኮሌጅ ልብሱን አውልቆ የተሳለ ሰው ኖሮ አያውቅም። የዱርዶና ሥዕል መጨረሻው ግድግዳ ላይ ብቻውን ነበር፣ ቁመቱ የሰው ቁመት ያህል ነው። ኢስማት ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

መጀመሪያ የመጣበት ቁጣ አልነበረም። ዓይኑ በልማዱ ሄደ። የጎበጠ የወንድ ጀርባ ነው፤ ራሱ ወደ ፊት ስለወረደ ከአንገት በላይ አይታይም፣ እጆቹም ከፊቱ ናቸው፣ ከወገቡ በታች አንድ ነጭ ጨርቅ ብቻ። የአከርካሪው ቦይ በጥቁር ተቆፍሯል፤ ከሰሉ እዚያ ላይ ተሰብሮ ፍርፋሪው ወረቀቱን ነክሶታል። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ብሎ ወድቋል፣ የመጋጠሚያው አጥንት ቆዳውን ገፍቶ ሊወጣ ደርሷል፣ ከጎድኑ በላይ ሥጋው ታጥፎ ሦስት መስመር ሠርቷል። ይህ ሰው መታሸት አለበት፣ አለ ኢስማት በሆዱ። ማን ነው እንዲህ የተጎዳው? ቤተሰብ የለውም? አንድ ሰው ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት አጎንብሶ ካልሠራ እንዲህ አይሆንም። እንዲህ ዓይነት ጀርባ ቢመጣለት ከትከሻው አይጀምርም ነበር፤ ከወገቡ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ሳያስበው እጁ ተነስቶ ነበር። ለሰውየው አዘነለት፣ ማን እንደሆነ ሳያውቅ አንጀቱን በላው።

ከዚያ ነው ማን እንደሆነ ማሰብ የጀመረው። በሐሳቡ መደቡ ላይ አንድ በአንድ አስተኛቸው። ልብስ ሰፊዎቹ የሚጎብጡት ከአንገታቸው ነው። ጫማ ሰፊው ግራው ነው የወደቀው። መዳብ ቀጥቃጩ ደረቱ ሰፊ ነው፣ እንዲህ አይታጠፍም። ቀኝ እጁን ዘርግቶ ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት የሚደፋ ሰው መሆን አለበት፤ እሱ ራሱ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መደቡ ላይ ያላየው ሰው መሆን አለበት፣ ካየውማ ያውቀዋል። ዳቦውን በቀኝ እጁ ይዞ በእቶኑ አፍ እስከ ወገቡ እየገባ የሚለጥፈው ማን ነው? ጋፉር! ሙቀቱ ሥራዬ ላይ ይበቃኛል ብሎ መታጠቢያ ቤት መምጣት ካቆመ ስድስት ዓመት የሆነው፣ ሚስቱ የሞተችበት ጋፉር። ልጁ ጠዋት ጠዋት ጣሳ ተሸክማ የምትሄደው የት ነው? ጋፉር ጋ። ያን ጊዜ ደሙ ፈላ። የአርባ ዓመት ወዳጁ ነው፤ ኢስማት ሚስቱን ሲቀብር አብሮት መቃብር የወረደ ሰው ነው።

በዚያው ሰዓት መድኃኒት ሻጩና መብራት ኃይል የሚሠራው ቆጣሪ አንባቢ ወደ አዳራሹ ገቡ፤ ሁለቱም ደንበኞቹ ናቸው። ሥዕሉን አዩ። እሱን አዩ። እንደገና ሥዕሉን አዩና ዓይናቸውን ሰበሩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱት፣ ከወትሮው ዝቅ ብለው፤ ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ወጡ። ኢስማት ፊቱ በአንድ ጊዜ ጋለ። ናቁኝ፣ አለ። አዘኑልኝ። ልጁን አሳድጎ ለዚህ ያበቃ ሰው ብለው አዘኑልኝ። እነዚያ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ እሱ ጋ የሚታጠቡ ናቸው፤ በሚቀጥለው ሐሙስ መደቡ ላይ ተኝተው ጀርባቸውን ሲሰጡት ምን ያስባሉ?

ታማራ ክሯን ጠቅልላ «ምሳ ልበላ ነው፣ እዚህ ነዎት አይደል?» ብላው ሄደች። ኢስማት ብቻውን ቀረ። ሥዕሎቹ መስታወት የላቸውም፤ ዳኞቹ እንዳለ ስለሚፈልጉት ከሰሉን ወረቀቱ ላይ የሚያስይዘው ፈሳሽም አልተነፋባቸውም፤ ይህን ዱርዶና ራሷ አንድ ማታ ለአክስቷ ስትናገር ሰምቷል። ጠጋ ብሎ በአውራ ጣቱ ትከሻውን ነካው። ከሰሉ ተነሳ። ጣቱን አየው፣ ጥቁር ነው። ከዚያ መዳፉን ሙሉ ዘርግቶ አንገቱ ላይ አስቀመጠውና ወደ ታች ሳበው፤ ልክ የሰው ገላ እንደሚያሽ፣ ሳይቸኩል፣ ከአንገት እስከ ወገብ፣ ከመሃል ወደ ጎን። አምስት ስድስት ጊዜ ሳበው። ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ የቀረው አንድ ትልቅ ግራጫ ደመና ነበር። ልጄን አዳንኳት፣ አለ። እውነትም እንደዚያ ነበር የሚያምነው፤ ሲወጣ እግሩ ቀሎት ነበር።

ጋፉር የዕለቱን ሁለተኛ ዙር ዳቦ አውጥቶ ካናቴራ ብቻ ለብሶ በሩ ላይ ሻይ ይጠጣል። ወፍራም፣ ቀይ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ኢስማትን ሲያይ ትኩስ ዳቦ አንስቶ ሊሰጠው እጁን ዘረጋና መለስ አደረገው። «እጅህ ምን ሆኖ ነው? ከሰል መነገድ ጀመርክ እንዴ?»

«ካናቴራህን አውልቅ።»

«ምን አልክ?»

«አውልቅ ነው የምልህ! ጀርባህን ላየው ነው።»

ጋፉር መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ የወዳጁን ፊት አየና ሳቁን ተወው። «ኧረ ምን ነካህ አንተ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ! መንገዱ ላይ?» እያለ ወደ ውስጥ አስገባው፣ እቶኑ አጠገብ ቆሞ ካናቴራውን በራሱ በኩል አወጣ፣ ዞረለትም። ኢስማት አየ። ጀርባው ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ እንደ ቦካ ሊጥ ሙሉ ነው፤ አከርካሪው ቀጥ ብሎ ወርዷል፣ ትከሻዎቹ እኩል ናቸው። ይህ ሰው በዕድሜው ሁሉ ወገቡን የታመመ አይመስልም። አለመሆኑን ለማወቅ አንድ አፍታ አልፈጀበትም፤ ያም ሆኖ ዓይኑን ማንሳት አቃተው። «አይተኸኝ ከጨረስክ ልልበስ» አለ ጋፉር። «ደግሞ ምክንያቱን ንገረኝ፤ እኔ እኮ ሙሽራ አይደለሁም።»

ኢስማት ዱቄት ከረጢት ላይ ተቀመጠና ነገረው። ወሬውን፣ ሥዕሉን፣ አንተ መሰልከኝ ያለበትን ሳይቀር። ጋፉር ሰደበው፤ የሚገባውን ያህል ሰደበው። «አርባ ዓመት አብሬህ ኖሬ! ልጅህ ልጄ አይደለችም? የጣሳዋን አኻያ የማከስልላት ለምን መሰለህ፣ ሱቅ ሄዳ የምትገዛላት እናት ስለሌለቻት ነው!» ንዴቱ ሲወጣለት ሻይ ቀዳለት። «ይሁን። እስኪ ምን ይመስላል ሰውየው?» አለው። ኢስማት በጥቁር እጁ አየር ላይ ሣለለት፤ ቀኙ እንዲህ ወድቋል፣ አጥንቱ እዚህ ጋ ወጥቷል፣ እዚህ ጋ ሥጋው ሦስት ቦታ ይታጠፋል፣ አንገቱ ሥር ሁለት ጥልቅ መስመር አለ። ጋፉር ሲያዳምጥ ሻዩን አስቀመጠ።

«ኢስማት፣ አርብ አርብ መስጊድ የት ነው የምሰግደው?»

«ከእኔ ኋላ። ምን አመጣው አሁን?»

«ሃያ ዓመት ከአንተ ኋላ ሰግጃለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፊትህን ካየሁት ይልቅ ጀርባህን ያየሁት ይበልጣል። ሸሚዝ ለብሰህም ያስታውቃል፤ ቀኝህ ወድቋል። የሰውን ጀርባ እያሸህ የአንተ ወደቀ።» ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀው። «ማታ ማታ አንተን የሚያሽህ ማን ነው?»

ኢስማት አፉን ከፈተ። የከተማውን ወንድ ሁሉ አስተኝቶ ሲመረምር አንድም ጊዜ ትዝ ያላለው አንድ ሰው ነበር፤ እንዴትስ ትዝ ይበለው፣ ያን ሰው መደቡ ላይ አስተኝቶት አያውቅም። «ዱርዶና» አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። ሁለቱ ደንበኞች ለምን ዓይናቸውን እንደሰበሩ ያን ጊዜ ገባው። ንቀት አልነበረም፤ ያው ደንቡ ነው፤ አብረውት ሽርጥ ለብሰው ያዩትን ገላ ሱሪ ለብሰው አላወሩም። ያዩት ወንዶች ሁሉ አውቀውታል፣ አውቀውም ዝም ብለውለታል፤ ያወሩት ያላዩትና ገላውን የማያውቁት ሴቶች ብቻ ናቸው። ጋፉር እጁን አየው። «ኢስማት፣ ምን አደረግክ?» አለው። ኢስማት ሻዩን ሳይነካ ተነስቶ ሄደ፤ መንገዱ መሃል ሲደርስ መሮጥ ጀመረ፤ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ወጣት ሳለ እንኳ በሩጫ አይታወቅም።

ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። በአዳራሹ መጨረሻ ሰዎች ተሰብስበዋል። ታማራ «ምሳ ልበላ ነው የወጣሁት፣ ምሳ!» እያለች ታለቅሳለች። መምህሩ ኒዞም፣ ቀጭን ሰው ነው፣ እጆቹን ራሱ ላይ ጭኖ ይመላለሳል። ሁለት ተማሪዎች አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ዱርዶና በበዓል ቀሚሷ ወረቀቱ ፊት ቆማለች፤ አታለቅስም። «ይህን ያደረገውን ሰው ብይዘው!» አለ መምህሩ። «እኔ ነኝ» አለ ኢስማት ከኋላው። ኒዞም ዞር አለ። ዱርዶና የአባቷን መዳፍ አየች፣ ከዚያ ፊቱን።

«አዩት?» አለችው።

«አየሁት።»

«እና?»

«አላወቅሁትም» አለ። «አዘንኩለት። ግን አላወቅሁትም።»

ዱርዶና ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ በመዳፏ ያጠናችውን ሰው፣ በዚያ ከተማ ጀርባ ያውቃል የተባለ አንድ ሰው ቢኖር ያውቀዋል ብላ ነበር የሰቀለችው። ይታወቅልኛል ብላ ነበር። ኒዞም ሰዓቱን አየ። «አሁን ምን ይደረጋል? አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረንም። በአንድ ሰዓት ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር ከጭንቅላቱ አውጥቶ የሚሥለው?» አለ፣ ለራሱ ይመስል።

ኢስማት ኮፍያውን አወለቀና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ኮቱን። ከዚያ የሸሚዙን ቁልፎች መፍታት ጀመረ። በእንፋሎቱ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ በሽርጥ ብቻ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ሴት ባለችበት ግን፣ ሚስቱና ልጁ ካልሆኑ በቀር፣ የአንገቱን ቁልፍ እንኳ ፈትቶ አያውቅም። ሦስተኛው ቁልፍ ላይ አንዴ ቆመና ቀጠለ። ታማራ ፊቷን አዞረች። ከተማሪዎቹ አንዱ ወደ መሬት አየ። ሸሚዙ ወጣ፤ የአዳራሹ ቅዝቃዜ ገላውን ወጋው፤ ጀርባውን ለሰዎቹ ሰጥቶ ቆመ። «እንዲህ ነው?» አለ።

«ጎንበስ ይበሉ» አለች ዱርዶና። «ሥራ ላይ እንዳሉ።»

ከፊቱ ባዶ ጠረጴዛ ነበር። እጆቹን እዚያ ላይ አሳርፎ፣ ሰው የተኛ ይመስል፣ ጎነበሰ። ከኋላው ኒዞም አዲስ ወረቀት ሲያመጣ ሰማ፣ «አልፈልግም፣ በዚሁ ላይ ነው» ስትልም ሰማ። ከሰል ወረቀት ሲነክስ ሰማ። እሱ በመዳፉ ያደበዘዘው ግራጫ ላይ ነው የምትሥለው፤ የአምስት ጣቶቹ መንገድ እዚያው እንዳለ። ረጅም ጊዜ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ወገቡን ማቃጠል ጀመረው፣ ቀኝ እጁ ደነዘዘ፣ ከዚህ በፊት አንድም ደንበኛ እንዲህ ረጅም ሆኖበት አያውቅም። የሚያየው ጠረጴዛውን ብቻ ነው።

በሩ ተከፍቶ ብዙ ጫማ ገባ። የኒዞም ድምፅ ተጣደፈ፣ ይቅርታ እያለ፣ ያልተጠበቀ ችግር ደርሶ እያለ። የታሽከንት ንግግር ያላት አንዲት ሴት «ተዋት፣ ትጨርስ» አለችው። ወንበር ተጎተተ። ሌላ ወንበር ተጎተተ። ደቂቃዎች አለፉ። ከዳኞቹ ጋር ከሰፈሩም ሰው ገብቶ ሳይሆን አይቀርም፤ ሹክሹክታ ነበር፤ ከሹክሹክታው መሃል የስልክ ሻጩን የአሳድን ድምፅ የለየ መሰለው። ዱርዶና አላቆመችም። በመጨረሻ ያቺው ሴት ወንበሯ ላይ ሆና ጠየቀች።

«ሞዴሉ ማን ነው?»

ከሰሉ ቆመ። ዱርዶና መልስ ከመስጠቷ በፊት የአባቷን አንገት እንዳየች ኢስማት በጀርባው አወቀው። ሳይዞር፣ ጠረጴዛውን እንዳየ፣ በሩ ላይ የቆመው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ መለሰ።

«ኢስማት ነኝ፤ የመታጠቢያ ቤቱ ገላ አሺ። አባቷ ነኝ።»

«አይናገሩ አባዬ» አለችው ዱርዶና። «ሲናገሩ ትከሻዎ ይነሳል።»